ጽዋውን ይዤ አራተኛ ፎቅ

እኔ የማኅበራችን ሙሴ ነኝ። ጽዋ ማኅበር ያለበት ሰው ይህን ሲሰማ ይገባዋል፤ ለሌላው ላስረዳ። ወር በገባ በአሥራ አምስት፣ በቂርቆስ ዕለት፣ ከአባላቱ በአንዱ ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ነፍስ አባታችን ይባርካሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ጽዋ የምንለው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ጠላ ያለበት ትንሽ ማሰሮ ነው። እሱን የተቀበለ ሰው ታስሯል፤ ታመምኩ፣ ደከመኝ፣ እንግዳ መጣብኝ አይልም። እኛም እየዘመርን ቤቱ ድረስ እንሸኘዋለን። ሁላችንም ካዛንቺስ ስለነበርን ሽኝቱ ረዘመ ከተባለ ሁለት ግቢ ማለፍ ነው፤ መዝሙሩ ሳያልቅ እንደርሳለን። ይህን ሁሉ የሚመራ፣ የቀረውን የሚቆጣ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሰው ሙሴ ይባላል።

ሙሴ የሆንኩት በቅድስናዬ አይደለም፤ በድምፄ ነው። ሥራዬ ጎሚስታ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ስለጥፍና ስነፋ ኖርኩ። ኮምፕሬሰር አጠገቡ እያጓራ ከሾፌር ጋር የሚከራከር ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይችልበትም። የቀድሞው ሙሴ ሲሞቱ አባላቱ ተመካከሩና ከዚህ ሰውዬ በላይ ድምፁ የሚሰማ የለም ብለው ሾሙኝ። ድምፄ ይሰማል፤ ቃሌን ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዳዊት ለመድገም አልደረስኩም። ጸሎቴ አባታችን ሆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራሴ ንዝንዝ ነው።

ሠፈሩ ለልማት ይነሣል የተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተሰልፎ ምትክ ቤት ይጠይቃል፤ እኔ አልሄድኩም። ባለቤቴ ናት ሄዳ የተሰለፈችው። እኔ ቂርቆስ ነበር የምሄደው። ጠዋት ጠዋት ከካዛንቺስ ወርጄ፣ በስታዲየም አድርጌ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እደርሳለሁ። ደጁን ተሳልሜ "ቤቴን አደራ" እላለሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ቅዱስ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የፈላ ውኃ ውስጥ ተጥሎ ያልተነካ ሕፃን ነው፤ ኃይሉን አልጠራጠርም። ግን ሕፃን ነው። እኔ ጢሜ ሸብቶ የቤትና የመሬት ጉዳይ ሕፃን ላይ ጥዬ፣ ስመለስ ስታዲየም አጠገብ ቁጭ ብዬ ሻይ በዳቦ እበላለሁ። ባለቤቴ ወረዳው በር ላይ ፀሐይ እየመታት ቆማለች።

አንድ ቀን ሰዎች መጡና በራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። የሚፈርስ ቤት ነው ማለት ነው። እነሱ ከግቢው ሳይወጡ ጨርቅ በቤንዚን ነክሬ አጠብኩት።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለች ባለቤቴ።

"እምነት አለኝ" አልኳት።

"ይሄማ ቤንዚን ነው" አለች።

በነጋታው መጥተው ሰፋ አድርገው ቀቡት። እኔም አጠብኩት። በሦስተኛው ቀን ቀለም ቀቢው ሰውዬ ብሩሹን እያራገፈ፣ "አባት፣ እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ እንዲህ ስንባባል ፋሲካ ቢደርስም አይከፋኝም" አለኝ። ስቄ ተውኩት። ያ በር በቤንዚን ታጥቦ ታጥቦ ስለጸዳ በሠፈሩ ውስጥ ከሁሉም ደምቆ የሚታየው ቀይ ምልክት የእኛው ሆነ። መንገደኛ ሁሉ አይቶት ያልፋል።

የመጨረሻው ማኅበር በዚያው ግቢ፣ ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ቤት ዋለ። ከአባላቱ ገሚሱ ጓዙን አስሮ ነው የመጣው። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጽዋ የሚነሣበት ሰዓት ደረሰ። ተረኛዋ ከእኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿ ሩቅ አገር ናቸው፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በአፍ የሚችለኝ ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ ባለቤቴን ሳልቆጥር።

"ጋሼ ሙሴ፣ እኔን ይለፈኝ" አለች።

"ይህች ጽዋ ትለፈኝ ያለው ጌታችን ነው፤ እሱም በኋላ ጠጥቷታል" አልኳት። እንዲህ ያለ መልስ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣልኝ፤ ዙሪያዬን አየሁ፣ የሚስቅ ሰው ፈለግሁ።

"እሱማ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር" አለች። "ለእኔ የደረሰኝ ከከተማው ጫፍ ነው። ቁልፍ ሰጡኝ እንጂ በሩን እንኳ አላየሁትም። ማን ይመጣልኛል እዚያ ድረስ?"

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ጽዋው መሀል ላይ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ተቀባይ አጥቶ እዚያው ካደረ ማኅበሩ አበቃ ማለት ነው፤ ከአባቶቻችን የሰማነው እንዲህ ነው። ነፍስ አባታችን መስቀላቸውን በአውራ ጣታቸው ያሻሉ። እኔ በቅርቡ ደግሼ ነበር፣ ተራዬ ገና ሩቅ ነው። ግን ዝምታ አልችልም። ተነሣሁ።

"አምጡት" አልኩ። ጨርቁን አስተካክዬ ማሰሮውን ታቀፍኩት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። ሰው ሲያየኝ ጊዜ ንግግር አማረኝ።

"ስሙኝ" አልኩ። "በወሩ በአሥራ አምስት እዚሁ ነው የምንገናኘው። እዚሁ ግቢ። ይፈርሳል የሚሉትን አትስሙ። ማንም ማንንም በስልክ እንዳይጠራ፤ ካልደወሉለት የማይመጣ የማኅበር ልጅ አይባልም። ቂርቆስ ራሱ ይሰበስበናል።"

"እዚሁ?" አሉ ነፍስ አባታችን።

"እዚሁ፣ አባቴ።"

"እንግዲህ ሙሴ ብሏል" አሉና ጸሎት አሳረጉ።

ቤቱ ሳምንት አልቆየም። ማሽኑ የገባ ዕለት ወንበር አውጥቼ በራችን ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት፤ የሚያስለቅስ ነገር ነበር። የማሽኑ ሾፌር ወጣት ነው። አየኝና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"ፋዘር፣ ቁርስ በልተዋል?" አለኝ።

"አልበላሁም።"

"እኔም አልበላሁም። በቃ፣ እኔ በልቼ እስክመጣ ዕቃዎን ጨርሰው ያውጡ" አለና ሄደ።

የተዘጋጀሁት ለጠብ ነበር። ወንበሬን ይዤ ተነሣሁ። ባለቤቴ ዕቃውን አውጥታ ጨርሳ ኖሯል፤ የቀረው እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ብቻ ነበር።

ምትክ የተባለው ቤታችን ገና መብራት አልገባለትም ተብሎ፣ እስከዚያው ሴት ልጃችን ጎተራ ካላት ኮንዶሚኒየም ገባን። እሷ ሥራዋ ክፍለ ሀገር ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ጽዋውን ለማንም አልሰጥም ብዬ ራሴ ታቅፌ ወጣሁ፤ በየፎቁ እየቆምኩ፣ ጉልበቴን አሞኝ ሳይሆን ግድግዳውን የማይ እየመሰልኩ። ኮምፕሬሰሬንም አስወጣሁ። አራት ጎረምሶች እየተራገሙ ተሸክመው በረንዳው ላይ አኖሩት። አንደኛው ላቡን እየጠረገ፣ "ፋዘር፣ እዚህ ላይ ጎማ የሚያስነፋው አውሮፕላን ነው?" አለኝ። እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ ባለቤቴ ልብስ ታሰጣበታለች።

እዚያ ቤት ጸሎት አልሆንልህ አለኝ። በካዛንቺሱ ቤት ምሥራቅ የት እንደሆነ አስቤ አላውቅም፤ በሩ ምሥራቅ ነበር፣ ከአልጋ ስወርድ ፊቴ ወደዚያ ነው። አዲሱ ቤት ገብቼ በመጀመሪያው ጠዋት አንድ ግድግዳ መረጥኩና ቆምኩ። በየቀኑ እዚያው ግድግዳ ፊት እቆማለሁ፤ ቃሉ ግን ግድግዳው ጋ ደርሶ ይመለሳል። አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ጠዋት፣ አባታችን ሆይ ላይ እንዳለሁ ጀርባዬን ሞቀኝ። ዘወር ስል ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ጀርባ ወጥታ በመስኮቱ ገብታለች። ይህን ሁሉ ቀን ጀርባዬን ለምሥራቅ ሰጥቼ ስጸልይ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። እሷ ከመጀመሪያውም ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር የምትጸልየው፤ እኔ የተሳሳተች እሷ መስላኝ ዝም ብያት ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ብነግርህ ትዞር ነበር?" አለች።

አልዞርም ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼ ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም እንጂ እግዚአብሔር ካዛንቺስ የቀረ መስሎኝ ነበር። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰማይና ምድር የማይችሉት አምላክ የቀበሌ ቤት ውስጥ አይቀርም። ግን ጠዋት ስነቃ ያ የለመድኩት ነገር የለም፤ የጎረቤታችን ሳል በግድግዳው አይሰማም፣ "አደራችሁ ወይ" የሚል የለም። ሰላምታውና ጸሎቱ ለካ ለእኔ አንድ ላይ የተሰፉ ነበሩ። አንዱ ሲተረተር ሌላውንም ይዞት ሄደ። የተረፈኝ ያ ማሰሮ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እያየሁት "በአሥራ አምስት ሁሉም ይመጣል" እላለሁ። የሚመጡት እንዴት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ ጠየቀች። ጌሾ እየወቀጠች ነው፤ የጌሾው ሽታ ደረጃውን ሞልቶት የጎን ጎረቤታችን ወጣት ሴት "ጋዝ ነው የሚሸተው?" ብላ በር አንኳኩታ ሄዳለች።

"ለስንት ሰው ልጥመቅ?"

"ለሁሉም።"

"እዚህ መሆናችንን በምን ያውቃሉ?"

"ሰው ይጠይቃል። ማኅበርተኛ እኮ ነው።"

"ማንን ይጠይቃል? የድሮ ጎረቤታችን ጋ ደውዬ ነበር፣ ስልኳ አይሠራም። የሌሎቹን ቁጥር መች ያዝን? በግድግዳ ነበር የምንጠራራው።"

"ቂርቆስ ይሰበስባል ብያለሁ" አልኳት።

"ያልከውንማ ሰምቻለሁ" አለችና ወቀጣዋን ቀጠለች።

ይኸውላችሁ፣ ግትርነቴን እምነት ብዬ ስጠራው ለእኔም እውነት እየመሰለኝ መጥቶ ነበር። ሄጄ ሰው ማፈላለግ እችል ነበር፤ ወረዳው ጋ ማን የት እንደገባ ይታወቃል። ግን እዚሁ ብዬ በአደባባይ ተናግሬ፣ ቤቱ ፈርሶብኝ፣ አሁን ደግሞ ሰው ቤት እየዞርኩ "ተሳስቻለሁ፣ ጎተራ ነኝ" ልል? ከዚያ ይልቅ ሕፃኑ ይሠራ።

ዕለቱ ደረሰ። ዳቦው ወጣ፣ ጠላው ደረሰ፣ ወንበር ከጎን ቤት ተለመነ። ያቺ ጋዝ ሸተተኝ ያለችው ልጅ ናት ያዋሰችን። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ በረንዳው ላይ ከኮምፕሬሰሬ ጎን ቆምኩ። ከዚያ ላይ የጎተራ ማሳለጫ ይታያል፤ መኪናው ይዞራል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ነጭ የለበሰ ሰው ከታክሲ በወረደ ቁጥር "መጡ" እላለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ብቅ እያለች ታይ ነበር፤ በኋላ ተወችው። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባትም አለፈ። ዳቦው የለበሰውን ጨርቅ እያነሣሁ አያለሁ፤ ዳቦ ሰው የሚጠራ ይመስል።

በመጨረሻ በሩ ተንኳኳ። ነፍስ አባታችን ናቸው፤ ብቻቸውን። ባለቤቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱን ነግራቸው ኖሯል። ደረጃው ትንፋሽ አሳጥቷቸው የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ።

"አራተኛ ፎቅ ላይ ማኅበር የምታወጣው ሲና ተራራ መስሎህ ነው?" አሉኝ።

ተቀመጡ። ወንበሮቹን አዩ፣ ዳቦውን አዩ።

"ሰዎቹስ?"

"ይመጣሉ" አልኩ።

"ቤቱ እዚህ መሆኑን ነግረሃቸዋል?"

ወደ በረንዳው አየሁ። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና፣ "ጥሪ ክልክል ነው እኮ፣ አባቴ። አውጀዋል" አለች።

"አድራሻ መናገር እምነት ይቀንሳል ያለህ ማነው?" አሉ ነፍስ አባታችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ቆይ እስቲ። ያን ቀን ምን ነበር ያልከው? የት እንገናኝ ነው ያልከው?"

"እዚያው።"

"እዚያው የት?"

"እዚያው፣ ግቢያችን።"

"እንግዲያው እዚያው ይሆናሉ።"

እውነቴን ነው፣ ይህ ነገር በአእምሮዬ ዝር ብሎ አያውቅም። የፈረሰ ቤት ማን ይሄዳል? ዕድሜዬን ሙሉ ስጮህ ማንም ቃሌን ሰምቶ አያውቅም፤ በዚህኛው ይሰሙኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?  ቂርቆስ ይሰበስባል ብዬ ነበር፤ ምናልባት ሰብስቧቸው ይሆናል፤ የጠፋው ሙሴው ነው።

ግን ያን ጊዜም ቢሆን ወዲያው አልተነሣሁም። "ጽዋ ከተደገሰበት ቤት ሳይባረክ አይወጣም" ብዬ ተከራከርኩ።

"ማን አለ?"

"ሥርዓቱ።"

"ሥርዓቱን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

"እርስዎ።"

"እንግዲያው አንሣ።"

ባለቤቴ ዳቦውን በጨርቅ ቋጥራ፣ ጠላውን በጄሪካን አድርጋ ጨርሳለች። እኔ ማሰሮውን አቅፌ፣ ነፍስ አባታችን ጄሪካኑን ይዘው፣ ደረጃውን ወረድን። በአዲሱ መንገድ፣ በመስቀል ፍላወር በኩል የሚወስደን ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

"ፋዘር፣ ማሰሮው እንዳይደፋብኝ፣ ማለቴ ወንበሩ አዲስ ነው።"

"አይደፋም።"

"ካዛንቺስ የቱ ጋ ነው?"

"ድሮ ሠፈሩ የነበረበት።"

"ድሮ የነበረበትማ አሁን መንገድ ነው" አለ።

በመንገድ ላይ ጸለይኩ። ምሥራቁን አልፈለግሁም፣ ማሰሮው ጉልበቴ ላይ ስለነበር መቆምም አልቻልኩም። ካሉ እንዳይሄዱ አቆይልኝ አልኩ። ከሌሉ ደግሞ ብዬ ጀመርኩና ቀጥሎ የሚባለውን አጣሁት። ለወትሮው ለቂርቆስ ይህን አድርግ፣ ያንን ከልክል እያልኩ ነበር የምናገረው፤ ያን ቀን የማዝዘው አልነበረኝም። ስልክ ደውሎ እስኪነሣለት እንደሚጠብቅ ሰው፣ ይሰማኛል ብዬ ቆየሁ።

ስንደርስ እኔ ቦታውን አላወቅሁትም። ግቢያችን ከነበረበት ገሚሱ በቆርቆሮ ታጥሯል። ከአጥሩ ወዲህ ሰፊ የእግር መንገድ፣ አዳዲስ የመብራት ምሰሶ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ገና ያልጸደቀ ዘንባባ። "ቀጥል" አልኩት ሾፌሩን። "አቁም" አለች ባለቤቴ። እሷ ነጠላቸውን ከሩቅ አይታለች።

አግዳሚው ላይ አምስት ሆነው ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን መሀል ናት፤ ጭኗ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ከታክሲው ስወርድ አየችኝ። ማሰሮውን አየች።

"ጋሼ ሙሴ፣ ባሕሩን ከፍለው መጡ?" አለች።

"ከጎተራ ነው የመጣሁት" አልኩ። 

"እዚሁ አሉን፣ መጣን። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ከረፋዱ ጀምሮ እዚህ ነኝ። እርስዎ ጎተራ ቁጭ ብለው ይጠብቁናል?"

"ስልክሽ ለምን አይሠራም?" አለቻት ባለቤቴ፣ አቅፋ እየሳመቻት።

"ዕቃ ስጭን ጠፋብኝ። ደግሞስ መደወል ክልክል አይደለ? ሙሴ ያወጀውን እኔ ልሽር?"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ዳቦውን ነበር የማየው። ተራዋ አይደለም፣ ጽዋውን አልተቀበለችም፤ ግን ማንም ባይደግስ ብላ ጋግራ መጥታለች። አጠገቧ ያሉት ባልና ሚስት ደግሞ ንፍሮ ይዘዋል። እዚህ መምጣት የማያስፈልግ የመሰለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ሌሎቹ አልመጡም። ከማኅበሩ ከእኩሌታው በላይ ማለት ነው። የአንዳንዶቹን በኋላ ሰማን፣ የአንዳንዶቹን እስከ ዛሬ አላወቅንም። በዚያ ሰዓት ግን ስለ እነሱ ማንም አላነሣም፤ ነፍስ አባታችን መስቀላቸውን አውጥተዋልና ተነሣን።

ዳቦው ሳይቆረስ ደንብ አስከባሪ መጣ። ወጣት ነው፣ የደንብ ልብሱ ሰፍቶታል።

"እናቶች፣ አባቶች፣ እዚህ ላይ ምግብ ማቅረብ አይቻልም።"

"ማን አቀረበ? ቤታችን ነው የተቀመጥነው" አለች ጎረቤታችን። "ምድጃዬ ያለው እዚህ፣ አንተ የቆምክበት ላይ ነው። እየተቃጠልክ ነው፣ ፈቀቅ በል።"

ልጁ እግሩን አየ። ከዚያ ነፍስ አባታችንን አያቸው፣ ቀረብ ብሎ መስቀል ተሳለመ። "ቶሎ ጨርሱልኝ በቃ፣ አለቃዬ በዚህ ያልፋል" አለ። ሲቆረስ እሱም ቁራሹን ተቀብሎ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ መንገዱን እየጠበቀ በላ።

አባታችን ሆይ ስንል መኪና በአጠገባችን ያልፋል፤ የእኔ ድምፅ እንኳ ብዙ አልተሰማም። ጠላውን በፕላስቲክ ኩባያ ጠጣን። ያ ጎተራው ቤት የጠፋብኝ ነገር ተመልሶ መጣ ብል እዋሻለሁ። ግን ጎረቤታችን በየመሀሉ ስታስል ሰማሁ፤ ያቺን ሳል በግድግዳ ነበር የማውቃት፣ አሁን አጠገቤ ናት። እሷን እየሰማሁ አሜን አልኩ።

ጽዋ የሚነሣበት ሰዓት ሆነ። እንደ ባለፈው ሁሉም ዝም ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እጄ ሳይታዘዝ ወደ ማሰሮው ሄደ፤ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች።

"አምጡት" አለች ጎረቤታችን። ተነሥታ ነጠላዋን አደገደገች። "ግን ሥርዓቱ ይሟላልኝ። ጽዋ የተቀበለ ሰው ቤቱ ድረስ ይሸኛል።"

"ሁለት አውቶቡስ?" አልኩ።

"ሥርዓት ነው ሲሉን የኖሩት ማነው?"

ነፍስ አባታችን ሳቃቸውን በጢማቸው ሸፍነው ጄሪካኑን አነሡ።

እናም ሸኘናት። በከተማ አውቶቡስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት። ማሰሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እኛ ዙሪያዋን ቆመን ዝግ ባለ ድምፅ እንዘምራለን። አንድ ወጣት ተነሥቶ "አባባ ይቀመጡ" አለኝ። "ቆሜ እዘምራለሁ" አልኩት። ትንሽ እንደሄድን አውቶቡሱ ፍሬን ያዘና ነፍስ አባታችን ላይ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ አለቀ፣ ሌላ ጀመርን፣ እሱም አለቀ፤ ገና መንገድ ላይ ነን። የምናውቀውን ሁሉ ዘምረን ስንጨርስ ከመጀመሪያው ጀመርን። ሙሴ ከሆንኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ረጅም ሽኝት አላየሁም።

የወረድንበት ቦታ ገና ጭቃ ነው። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እሷም ሁለት በር ተሳስታ ነው የሷን ያገኘችው። አምስተኛ ፎቅ ነው። መዝሙሩ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳሳ፣ ሦስተኛው ላይ የሷና የባለቤቴ ብቻ ቀረ፣ ከዚያ በላይ የሚሰማው ትንፋሻችን ነው። ቁልፏን ስትፈልግ ማሰሮውን ተቀበልኳት።

በሩን ከፈተች። ቤቱ ባዶ ነው። አንድ ፍራሽ ተዘርግቷል፣ ዳቦውን የደፋችበት ምጣድ አጠገቡ አለ፣ ጓዟ ከካዛንቺስ በታሰረበት ገመድ እንደታሰረ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ያን ሁሉ ቀን አልፈታችውም።

"ይህን ፈርቼ ነው ይለፈኝ ያልኩት" አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ። "ማን መጥቶ ያየዋል ብዬ ነው የምፈታው?"

ማሰሮውን የት ላኑረው አልኳት። ጥግ አሳየችኝ፣ አኖርኩት። ሌሎቹ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ አንድ ነገር መናገር ያለብኝ መሰለኝና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ባለቤቴ አየችኝ። ከትልቁ ጓዝ ላይ የገመዱን ጫፍ ፈልጋ እጄ ላይ አኖረችው።

"ሳብ" አለች።

ሳብኩ።